ከዘፋኙ ጀርባ የቀረው መልስ

ፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሚሉት ዘመን፣ አዲስ አበባ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ ሊቀመንበሩና አንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝ። ሊቀመንበሩ የመጡት ከጋዜጣው ጋር ነው። የጭቃ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ለበዓል ግድግዳውን በጋዜጣ ያለብሳል፤ ጋዜጣው ላይ ደግሞ ከእሳቸው ንግግር ሌላ ብዙም የሚገኝ ነገር አልነበረም። ዘፋኙን ያመጣችልን ግን አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ የነበረች ጎረቤታችን ናት። ተሳፋሪ ጥሎት የወረደውን የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ለእህቴ ሰጠቻት። መጽሔቱ የሰፈሩን ልጃገረዶች አዳርሶ ሲመለስ የተረፈው አንድ ቅጠል ወረቀት ነበር። እሱንም ገና አይቼ ሳልጠግበው እናቴ በዱቄት ሙጫ ከሁለት የሊቀመንበሩ ንግግሮች መሀል ለጠፈችው።

ፀጉሩ ከፊት ቆሞ ከኋላ ትከሻው ላይ ተለቋል። ዐይኑን ተኩሏል፤ አንድ ጆሮው ላይ ሎቲ አድርጓል። የኮቱ ትከሻ እንኳን በእኛ በር፣ በቤተ ክርስቲያንም በር የሚያልፍ አይመስልም። እናቴ ሴት መስሏት ነበር። አቧራውን ባራገፈች ቁጥር «ምስኪን! ፀጉሯን የሚጎነጉንላት ዘመድ እንኳ የላትም» ትላለች። ሊያዩት ቤታችን የሚመጡ ጎረምሶች ያንን ፀጉር ለማቆም ስኳር በውኃ በጥብጠው ተቀቡ፤ ያውም ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት ዘመን! ኮከቡን አልመሰሉም፤ ዝንብ ግን ተከተላቸው። እኔ በሙሉ ልቤ ወድጄው ነበር። የዛሬ ዘፋኝ ደግ ነው፤ ቁርሱን፣ ውሻውን፣ ፍቺውን ሳይቀር በስልክ ያሳየናል። የእኛ ዘመን ኮከብ አንድ ገጽ ሰጥቶን ለዓመታት አብቃቅተን እንኖር ነበር።

ከዚያ ገጽ ግርጌ በደማቅ ፊደል አንድ ጥያቄ አለ፦ «ምን ዓይነት ሴት ልጅ ትወዳለህ?» መልሱ ያለው በገጹ ጀርባ ነው። የገጹ ጀርባ ደግሞ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል።

በዚያው ዓመት ሐኪም መነጽር አዞልኝ ነበር፤ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል። የክፍል ልጆች «አራት ዓይና» እያሉ ስለሳቁብኝ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄው እውላለሁ። ሰሌዳው አይታየኝም፤ መንገዱም አይታየኝም። አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ወድቄ ስመለስ ታላቅ እህቴ በደም የጨቀየ ጉልበቴን እያጠበች በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ።

«ይሄኔ እሱ ቢያይሽ ምን ይል ነበር? እማዬ ሳትለጥፈው በፊት እኮ ጀርባውን አንብቤዋለሁ። ‹መነጽር ያደረገች ሴት ነው የምወደው› ይላል።»

«ማርያምን በይ!»

«ማርያምን!» አለች፣ ዐይኗን ሳታሽ።

በማግሥቱ መነጽሬን ሰክቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለመኝታ ካልሆነ አውልቄው አላውቅም። በመነጽር ተመረቅሁ፣ በመነጽር ተዳርኩ። ለቪዛው ፎቶ አውልቂ ሲሉኝ ከልቤ ነው የተቀየምኩት።

እህቴም እኔም አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባን ብዙ ዓመት ሆነን። እሷ ከከተማው ዳር፣ ዎርዝንግተን፣ ቤት ገዝታለች፤ እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እሠራለሁ። ኮሮና የገባ ዓመት፣ ለፋሲካ፣ ዶሮ ወጥ በድስት ይዛልኝ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጌ «እዚያው በረንዳው ላይ አስቀምጪው፣ እትዬ» አልኳት። ገና መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ድስቱን ከክዳኑ እስከ ጆሮው የጀርም ማጥፊያ ነፋሁት። ጥፋተኛ አይደለሁም፤ ቴሌቪዥኑ ነው ያለው። እሷ ግን «ዶሮዬ ላይ ፍሊት ነፋችበት» ብላ ለከተማው ሐበሻ በሙሉ አወጀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬን አታነሳም።

ሽማግሌ ተላከ፤ ያውም በዙም፣ በቪዲዮ ስብሰባ። አንደኛው ጋሼ ረጅም ምክር መከሩን። ድምፃቸውን ሳይከፍቱ ሚዩት ላይ ስለነበሩ አንድም ቃል አልሰማንም፤ በጨዋ ደንብ ግን ሁላችንም አሜን አልን። እህቴ ከአሜን በኋላ ካሜራዋን አጠፋች። ድስቷ ፍሪጄ አናት ላይ ቀረ። የሰው ድስት ባዶውን አይመለስም፤ ሞልቼ ብመልሰው ደግሞ አጥፍቻለሁ ማለት ይሆንብኛል። እንዲሁ እየተያየን ከረምን፣ እኔና ድስቱ። እህቴ ናፈቀችኝ። ሌላ ታላቅ የለኝም።

በሚቀጥለው በጋ ከልጄ ጋር በቤክስሊ ሰፈር ስናልፍ አንድ ደጃፍ ላይ ጋራዥ ሴል፣ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ፣ አየንና ወረድን። ከጠረጴዛው ሥር ሣጥን ሙሉ የሰማንያዎቹ የሙዚቃ መጽሔት ተቀምጧል። ሽበታሟ ባለቤት ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ «የጉብዝናዬ ዕብደት ነው፤ ደስ ያለሽን ውሰጂ» አለችኝ። ሳገላብጥ፣ ሳገላብጥ፣ እሱ ራሱ! ያው ሎቲ፣ ያው ትከሻ።

«ማም፣ ዋይ ኢዝ ሂ ዌሪንግ ኤ ከርተን?» አለች ልጄ። መጋረጃ ለምን ለበሰ ማለቷ ነው።

«አፍሽን ያዢ፤ ከአባትሽ በፊት እሱ ነበር» አልኳት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ገጹን ገለጥኩት። ከሥሩ ግማሹን ቦታ የብጉር ቅባት ማስታወቂያ ይዞታል። ከላዩ መልሱ አለ፦ ወርቃማ ፀጉርና ረጃጅም እግር ያላት፣ ጥያቄ የማታበዛ። ሦስቱንም አላሟላም፤ በተለይ የመጨረሻውን። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ስለ መነጽር አንዲት ቃል የለችም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያውም ማርያምን ብላ! ቀጥሎ ያቺ ራሷም ገና ልጅ የነበረች እህቴ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ስታጥብ ታየችኝ። ያን የሚያህል ውሸት የፈጠረችው እንዳልወድቅባት ነው። መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

የዘፋኙን ፎቶ አንስቼ፣ ምንም ሳልጽፍ ላክሁላት። ሞተር ሳላስነሳ ኮል አደረገችኝ። ደውላም አኩርፋለች፤ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እትዬ፣ ጀርባውን አነበብኩት» አልኳት።

መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ቀጠልኩ።

«‹መነጽር ያደረገች ሴት ነው የምወደው› ይላል።»

ከዚያ ያ የማውቀው ሳቋ በአፍንጫዋ ሲያመልጣት ሰማሁ።

«ውሸታም» አለችኝ። «ቅዳሜ ድስቴን ይዘሽ ነይ። ባዶውን እንዳታመጪው።»