ለባለቤቴ ያየሁለት የሲሚንቶ ቀዳዳ

ጎንደር ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የተከራየነው ቤት ደህና ብርሃን የሚገባበት መስኮት አንድ ብቻ ነበረው። ባለቤቴ የሥራ ጠረጴዛውን እዚያ አስጠጋ። እኔ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ እሱ በመንግሥት ሕንፃ ሥራ የሲሚንቶና የአሸዋ መርማሪ ነበር።

በዚያ ክረምት ከከተማው በላይ አዲስ የተሠራው የውኃ ማጠራቀሚያ ግድግዳው ያልበው ጀመር። ስንጥቅ የለውም፤ ውኃው ግን ቀስ እያለ ይወጣል። ባለቤቴ ምክንያቱን እንዲያገኝ ታዘዘና ከግድግዳው የተፈለጡ ቁርጥራጮች በጆንያ ይዞ ቤት መጣ። በከሰል ምድጃ ያደርቃቸዋል፣ ቀይ ቀለም በተበጠበጠበት ውኃ ይነክራቸዋል፣ ከዚያ በመዶሻ ሰብሮ በማጉያ መነጽር ውስጣቸውን ያያል። ሲሚንቶ ሲቦካ ውኃ ከበዛበት፣ ትርፉ ውኃ ደርቆ ሲሄድ ከፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ትቶ እንደሚሄድ ያስረዳኝ ያኔ ነው። ቀለሙም የሚገባው በዚያ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መነጽሩን ደጋግሞ ይወለውል ነበር። ቆሽሿል አለኝ። ተቀብዬ ሳየው ጥርት ያለ ነው፤ ቀዩ ቀለም እንደ ቅጠል ጅማት ተበትኖ ይታያል። ነገርኩት። መነጽሩን መልሶ አልተቀበለኝም። «እስከ የት ድረስ ገብቷል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ የማየው እኔ ሆንኩ። የሆስፒታሉ ሐኪም የዓይኑ ነርቭ እየሞተ መሆኑን ነገረን። በአውቶቡስ አስመራ ድረስ ሄድን፤ የዚያም ሐኪም የተለየ ነገር አላለንም። ባለቤቴ ግን ስንመለስ ሥራውን አልተወም። እኔ እያየሁ ስነግረው እሱ እያሰበ፣ ከታች በኩል ያለው ግድግዳ ሲሠራ ውኃ በዝቶበት እንደነበር ደረሰበት። ማጠራቀሚያው ከውስጥ ጠበቅ ባለ ልስን ተመረገና ላቡ ቆመ። የማጠራቀሚያው መሐንዲስ ቤታችን ድረስ መጥቶ አመሰገነው። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ አሰናበቱት፤ የማያይ መርማሪ ምን ያደርግላቸዋል።

አምባ ጊዮርጊስ እናቱ ዘንድ ገባን። ያኔ ጭራሽ አይታየውም። እኔም መናገሩን ለምጄ ስለነበር ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ገብሱን፣ ገበያተኛውን፣ ከጎንደር የሚመጣውን ማኪና። እናቱ፣ ምነው ልጄ፣ እስቲ ጆሮውን አሳርፊው ይሉኝ ነበር።

አንድ ማለዳ ደጅ ተቀምጠን ጉሙ ከሜዳው ላይ እንዴት እንደሚገፈፍ ስነግረው እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ። «መልክሽ ጠፍቶብኛል። ሁሉን ትነግሪኛለሽ፤ እሱን ግን አትነግሪኝም።»

ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል፣ ፊቴም ከስቷል አልኩት።

«የዛሬዋን አይደለም» አለ። «ያገባኋትን ነው።»

እሷን እኔም አላስታውሳትም ነበር። አብረን ፎቶግራፍ እንኳ አልተነሣንም። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ከንፈሬን በጣቶቹ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ሲጨርስ እጁን ሰብስቦ ጋቢውን ተከናነበ። እንዳላገኘኝ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት አብረን ኖርን። ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ፣ ስለ እናቱም ሳል እናወራ ነበር። ምን እንደሚታየኝ ግን እስኪሞት ድረስ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።