ጀልባው ሲታጠፍ የሚሰማው ድምፅ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከቡሬ ቁልቁል ወርጄ ዓባይ ዳር ስደርስ አክስቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባላቸውን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንዙ ወስዷቸዋል። ባላቸው ሰው ያሻግሩበት የነበረውን ሞተር ጀልባ አሁን የሚነዳው ልጃቸው ነው።

ጀልባው መሐል ወንዝ ላይ ሲታጠፍ፣ ሰው የሚጣራ የሚመስል ረጅም ጩኸት አሰማ።

«ሰማሽ? እሱ ነው» አሉኝ። «ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ይጠራኛል።»

ድምፁ በእርግጥ የባላቸውን ይመስላል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት መካኒክስ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። እንደማውቀው ልጃቸው ለፍጥነት ብሎ ሞተሩን ከፍ አድርጎ አስሮ፣ ውኃ የሚገፋውን የአባቱን ባለ አራት ቅጠል ፕሮፔለር በባለ ሦስት ቀይሮታል። ስለዚህ ሲታጠፍ ፕሮፔለሩ ውኃውን ይለቅና አየር ይመታል፤ ሞተሩ በባዶ ይጮኻል፣ ጀልባውም ጉልበት አጥቶ ከነተሳፋሪው በወንዙ ፍሰት ይገፋል።

ልጃቸው ሲመለስ ይህን ለብቻው ነገርኩት፤ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ እንዲያስርም መከርኩት።

«ኢንጂነሯ፣ ዝቅ ካደረግሽውማ ኤሊ ይሆናል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እናቱን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ጩኸቱም ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«እንግዲያ አንቺው ንገሪያት።»

ያን ቀን መናገር አቃተኝ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ተሳፋሪ ሳይመጣ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፤ የአባቱንም ፕሮፔለር መለስኩለት። ልጃቸው ሲነዳው ጀልባው እዚያች ቦታ ላይ በጸጥታ ታጠፈ።

«ዛሬ ዝም አለኝ» አሉ አክስቴ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ውኃውን እያየሁ፣ ያደረግሁትን ነገርኳቸው።