ጋቢ ያለበስኩት ማጉያ

ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ስልክ ሲጮህ አልሰማም፤ ወፎቹም አሁን ለዓይኔ ብቻ ናቸው። ወፍራሙን ድምፅ ግን፣ ነጎድጓዱን፣ ዳገት የሚወጣውን የጭነት መኪና፣ የከበሮውን ሰፊ ፊት፣ ከወጣቶቹ በላይ እሰማለሁ። የልጅ ልጄ ይህን ስለምታውቅ ነው ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ ያስመጣችኝ።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ለማያውቅ ሰው፣ አራት ወፋፍራም ክር ያለው ጊታር ነው፤ ዘፈኑን ከሥር ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። አንድ የሠርግ ባንድ ውስጥ ትሠራለች፤ ከመካከላቸው ሴት እሷ ብቻ ናት። ጊታሯን የምትሰካው ዘፋኙ በሚዘፍንበት ስፒከር ላይ ስለሆነ፣ ዘፋኙ ሲያንባርቅ የእሷ ድምፅ ይዋጣል። የባንዱ አለቃ አንድ ቀን ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ «ድምፅሽ አይሰማም። የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ያንቺን ሥራ ይሠራል» አላት። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጣት። የራሷን የድምፅ ማጉያ አምጥታ በሚለማመዱበት አዳራሽ መጨረሻ ወንበር ድረስ ካልተሰማች፣ በቃ፣ ትወጣለች።

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። አፉን በጨርቅ አፍነውት ዝም አለ ብሎ መክሰስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ረቡዕ ዕለት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችኝ። ባለሱቁ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ የረጋ ነጋዴ። ሁለት የቤዝ ማጉያ አወጣልን። አንዱ ትልቅ ነው፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሯሯጣል። ሌላው ትንሽ፣ ግራጫ፣ እጀታው የተላጠ።

«ትልቁን ውሰዱ እማማ፣ ሠፈር ነው የሚያናጋው» አለ አንድ ደጅ የቆመ ሰው።

«አንተ ደግሞ ደላላ ነህ ወይስ ሚዜ?» አልኩት።

ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ በየተራ አስቀምጡ፣ ያንኑ ክር ምቺ፣ የድምፁንም ቁልፍ እኩል አዙሩት አልኩ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ መብራቱ ጉቦ እንዳይሰጠኝ ብዬ። ትልቁ ጮኸ፤ ግን ውስጡ እንደ ላላ ቆርቆሮ የሚንቀጫቀጭ ነገር አለው። ትንሹ ያን ያህል አልጮኸም። ነገር ግን ምቱ አንድ በአንድ፣ ሳይደባለቅ፣ በእግሬ ገብቶ ደረቴ ላይ ደረሰ።

«ይኼኛው» አልኩ፣ ሳልዞር።

«ጆሮ አለዎት እማማ» አለ ባለሱቁ። «ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ግን ወላሂ አልዋሽዎትም፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ካዞሩት ድምፁ ይሰነጠቃል። እስከ ዓርብ ሞክሩት፤ ካልተስማማችሁ መልሱት።»

ሳልጠይቀው ጉድለቱን ነገረኝ። ልቤ ወደደው።

ሠርጉ የሚበዛው ገጠር ስለሆነ፣ ገጠር ወስደን እንሞክረው ብዬ አንኮበር ይዘነው ሄድን። ከመኪና ወርደን ወደ ቤቴ የሚወስደውን ዳገት ማጉያውን በነጠላ አዝዬ ወጣሁ።

«እምዬ፣ ስጪኝ እንጂ! ሰው ምን ይለኛል?»

«አንቺ ጊታርሽን ያዢ። ሳልሸከመው ቀላል ነው ብዬ አልመሰክርም።»

ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያህል ይከብዳል። ሁለት ጊዜ አረፍኩ። እሷ ግን አንድ ጊዜም አታርፍም፤ ስለዚህ በክብደት አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት ጉም ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪጌታ ነበር። ከበሮ እንዴት እንደሚያዝ ከእሱ ነው ያየሁት፤ ብርድና እርጥበት ቆዳውን እንዳያላላው ጎኑ በጨርቅ ይለብሳል፣ ፊቱ ብቻ ይገለጣል። ለማጉያውም እንደዚያው አደረግኩለት። ከሥሩ አጎዛ አነጠፍኩ፣ ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልዬ በመቀነት አሰርኩ፣ ፊቱን ገልጬ ተውኩት። ልጅቷ ሳቀች እንጂ አልከለከለችኝም፤ እሷም የራሷ ማጉያ ኖሯት አያውቅም።

አጥሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። መታች። የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤ ደረቴ ላይ ግን የሚደርስ የለም። ቁልፉን ብትጨምርም ያው ነው። ተመልሼ ስመጣ እጇን ከክሩ ላይ አንሥታ ተቀምጣለች።

«አለቃዬ ልክ ነው እምዬ። ድምፅ የለኝም።»

ይህን ከአፏ ስሰማ ዓይኔ ጨለመ። ዓርብ በጠዋት ማጉያውን ጋቢው ውስጥ እንዳለ ይዤ ከልጅቷ ጋር ሱቁ ደረስኩ። ሰዎች ነበሩ። አላፈርኩም።

«ሌላ አሰምተህ ሌላ ሰጠኸን! ይኼ ነው የአንተ ወላሂ?»

ሰውየው ቀላ። መቀነቱን ፈታ፣ ጋቢውን አጥፎ ባንኮኒው ላይ አኖረ፣ ማጉያውን ሲሚንቶው ላይ አቆመና ለልጅቷ የጊታሩን ገመድ ሰጣት። መታች። ወለሉ ከእግሬ በታች ተናገረ። ያው የረቡዕ ድምፅ ነው።

«እማማ፣ ቤት እንዴት አድርገው ነበር ያስቀመጡት?»

«እንደ ከበሮ አለበስኩት» አልኩ፤ ድምፄ አንሶ።

ማጉያውን አዞረልኝ። ጀርባው ላይ ቡጢ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለ። «ወፍራሙ ድምፅ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። በጋቢ አፍነውታል።» ሱቁ ሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

አፍኜ ዝም አለ ያልኩት እኔው ነኝ። ልክ እንደዚያ አለቃ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አልኩት፣ ሰዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «የሰጠኸን ያንኑ ነው። የበደልኩህ እኔ ነኝ።» ስጮህበት ቆማ የነበረች አንዲት ሴት ግን ወጥታ ሄዳ ነበር። እሷም ሳትሰማ እንዳትቀር ብዬ ተከትያት ወጣሁ፤ ከአትክልት ተራ አጠገብ ደርሼባት ነገርኳት። አብዳለች ሳትለኝ አልቀረችም። ስመለስ ባለሱቁ ሻይ አስመጥቶልኛል። «ከአሊዩ አምባ እስከዚህ ስነግድ፣ ስሜን ሊመልስልኝ ገበያ ለገበያ የሮጠ ሰው አላየሁም» አለኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማጉያው ባዶ ወለል ላይ ቆሟል፣ ከጀርባው ምንም የለም። አለቃው መድረኩ አጠገብ ነበር።

«እዚያ ሆነህ አይደለም የምትፈርደው» ብዬ ጠራሁት። «እዚህ ና። ኪቦርድ ተጫዋቹም ግራ እጁን ያንሣ።»

«እማማ፣ ሙዚቃ ያውቃሉ እንዴ?»

«ወንበር አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

ሳቀና አጠገቤ ተቀመጠ። ዘፈኑን ጀመሩት። የዘፋኙን ቃል አንዱንም አልያዝኩም፤ የእሷን ምት ግን አንድም አልሳትኩም። አለቃውን በጎን አየሁት። ጫማው ወለሉን እየመታ ነው፤ ከእሷ ጋር።

ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ድምፅዋ ይሰማል እማማ። ትቀጥላለች» አለኝ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ድምፅሽ አይሰማም ስትላት ሁሉም ነበሩ።»

ከዚያ ተነሣና፣ ከመጨረሻው ወንበር፣ ባንዱ ሁሉ እየሰማ፣ «ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይሰማል! የኪቦርዱ ግራ እጅ ይቅር፣ ቦታው ያንቺ ነው!» ብሎ ጮኸ። እግዜር ይስጠው፣ ጎበዝ ሰው ነው።

እሷም ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ መታችው፤ ወንበሬ ሥር ደረሰኝ።