ከጋሼ ታደሰ ኮርኒስ የወጡት የሌሊት ወፎች

ያዘዝኩትን ጋቢ ልወስድ ዛሬ ጠዋት ሸማ ተራ ስደርስ፣ ነጋዴው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ የሌሊት ወፍ ያባርራል።

ጥፋቱ የኔ ነው።

ሥራዬ ዋሻ እየገቡ ከሌሊት ወፎች ናሙና መውሰድ ነው። ቱታ፣ ጓንት፣ መነጽርና ማስክ ሳናደርግ አንገባም። በየዋሻው ስም ያልወጣለት ቫይረስ እናገኛለን። አብዛኛው ቫይረስ ሰው ላይ ምንም ላያደርግ ይችላል፤ የትኛው ወደ ሰው እንደሚሻገር ግን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጋቢውን ላዝዝ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ስገባ፣ ከአቡጀዴው ኮርኒስ በላይ የሌሊት ወፎች ሲንጫጩ ሰማሁ።

"ጋሼ፣ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል። እንዳይነኳቸው፣ እንዳይረብሿቸው" አልኳቸው።

ጋሼ የሰሙት "በሽታ" የምትለዋን ብቻ ነው።

ዛሬ በርበሬ አጭሰው ኮርኒሱን በእጃቸው ገነጠሉት። የስንት ዓመት ኩስ ከነአቧራው ለበዓል ሊገዛ በመጣው ሰው ላይ ወረደ። ወፎቹም በየጎረቤቱ ሱቅ ገቡ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች አንዷን በባዶ እጃቸው ይዘው ወደ ውጭ ወረወሯት።

ጋሼ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ልጄ፣ ምክርህን ሰምቼ ተራውን ገላገልኩት!"

ከዚያ ጋቢዬን ከመደርደሪያ አንስተው፣ አቧራውን ፊቴ ላይ አራግፈው፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። (ማስኬ ቢሮ ነው ያለው።)

ምን እላለሁ? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ።

እናንተም ለደግ ብላችሁ ተናግራችሁ የባሰ ያመጣችሁበት ቀን ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

የኔ ጋቢ በፌስታል ታስሮ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ የነበሩት ሌሎቹ ጋቢዎች ተሸጠው አልቀዋል።