ክንዷ እስኪደርስ

እኛ ቤት እያንዳንዱ ትንሽ ልጅ የአንድ ትልቅ ልጅ ነበር። እናቴ ዘጠኝ ልጆቿን አንድ በአንድ መከታተል ሲያቅታት ያወጣችው ደንብ ነው። አንድ ሕፃን ጡት ሲተው ለአንዱ ታላቅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ፊቱን የሚያጥበው፣ እሾህ ሲወጋው የሚነቅልለት ያ ታላቅ ነው። ልጁ ጭቃ ውስጥ ከወደቀ የሚቆጡትም ልጁን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። ስለዚህ ከጓሮ የልጅ ለቅሶ ሲሰማ እናቴ «ምን ሆነ?» አትልም፤ «የማን ነው?» ነው የምትለው። ሁላችንም እየሮጥን ወጥተን እናያለን። የኛ ካልሆነ ተመልሰን እንገባለን።

ደንቡ ንግድም አምጥቶ ነበር። ለታላቅ እህቴ የደረሳት ወንድማችን አፈር የሚበላ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጥግ ወስዳኝ፣ «እሱን ወስደህ ያንተን ስጠኝ፤ ሸንኮራ እጨምርልሃለሁ» አለችኝ። እያሰብኩበት ሳለ እናቴ ሰማች።

«ልጅ አይለወጥም!» ብላ ጮኸች።

አባቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። «እኔስ የማን ነኝ?» አለ እየሳቀ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እኛ ጋ ትኖራለች። ከውስጥ ሆና፣ «አንተማ የኔ ነህ። ተነሥተህ ፊትህን ታጠብ» አለችው። አባቴም ተነሥቶ ታጠበ።

ከኛ ሌላ ለትምህርት ከጊምቢቹ የመጣ የአጎቴ ልጅም ነበር። አባቴ በሀዲይኛ ይቆጣል፣ እናቴ በከምባትኛ ታባብላለች፣ እኛ ልጆቹ በአማርኛ እንጣላለን። እንግዳ የመጣ ቀን ቆጮው ከሰፌዱ ላይ እንዴት እንደሚጠፋ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ትንሿ እህታችን የታላቅ ወንድሜ ነበረች። ከሷ በፊት የሱ እኔ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እኔ ከፍ ስል እናቴ «አንተ ይበቃሃል» አለችና ትንሿን ሰጠችው። እሱ ያን ጊዜ ትምህርቱን ትቶ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ይሠራ ነበር፤ ጢም ያወጣ ሰው ነው። እኩዮቹ ሕፃን መሸከም ያፍራሉ። እሱ ግን ትከሻው ላይ አስቀምጧት ሱቅ ድረስ ይሄዳል። እሷም ከላይ ሆና አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ለመግባት ዕድሜ በወረቀት አይጠየቅም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል ይባላል። ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ወንድሜ አንድ ዓመት ይዟት ሄዶ እጇ አልደረሰም። እሷ ዝም አለች፤ የተከራከረው እሱ ነው። «ጆሮዋ ነው እንጂ ዝቅ ያለው፣ እሷማ ደርሳለች» ብሎ መዝጋቢውን አስተማሪ አስቆት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት ሥራችን የሷ ክንድ ሆነ። ወንድሜ በሩ መቃን ላይ ያስደግፋትና እንደ ወታደር አለቃ ይጮኻል።

«ጭንቅላት ቀጥ! እጅ ወደ ላይ! ጣት ወደ ጆሮ!»

ጣቷ ጆሮዋ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል።

«አጥንቷ ደርቋል። ቅቤ አምጡ» ትላለች አክስቴ። ከትከሻዋ እስከ ጣቷ እየሳበች ታሻታለች። ልጅቷ ኮርኩሯት መሬት ላይ ትንከባለላለች።

«አንገቷን ትንሽ ብታዘነብልስ?» ይላል የአጎቴ ልጅ።

«ልታጭበረብር?»

«ትንሽ ብቻ።»

«የኔ ልጅ አታጭበረብርም» ይላል ወንድሜ።

አባቴ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ «ተዋት እባክህ! ክንድ እንደ ጎማ ይሳባል እንዴ?» ይላል።

አንድ ቀን ወንድሜ ራሷን ዳበስ ዳበስ አደረገና አዲስ ነገር ያገኘ ሰው መሰለ። «ክንዷ አላጠረም፤ ፀጉሯ ነው የበዛው። እሱን ብንቆርጠው ዛሬውኑ ትነካለች» አለ።

«የሴት ልጅ ፀጉር?» አለች እናቴ። «ጎረቤት ምን ይላል? ቅማል ፈጅቷት ነው ሊሉኝ ነው። እንዳትነካት!»

«ከተቆረጥኩ ወንድ እሆናለሁ?» አለች ትንሿ።

«እስክትመዘገቢ ብቻ» አላት። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። «ለመስከረም የምወስድሽ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይወስድሽ፣ እሺ?»

«እሺ። ሌላ ሰው አይወስደኝም።»

በግንቦት ነጋዴው በቆሎ እንዲገዛለት ወደ ቆላ ላከው። ሲመለስ ትኩሳት ይዞታል። ወባ ነው አሉ። መድኃኒትም ተሰጠው። ሰኔ ሳይጋመስ ቀበርነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

እናቴ ለሐዘን የራሷን ፀጉር ቆረጠች። ቤቱ በለቅሶ ሰው ሞላ። ከሾኔም ከአንጋጫም ዘመድ መጣ። ሰዉ ሲመለስ ቤቱ ሰፋብን። ድሮ ቦታ ጠበበኝ ብሎ የማይጣላ አልነበረም፤ አሁን ማታ ማታ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፣ ከመሃላችን ግን የሱን ቦታ ሳናስበው እንተዋለን።

ትንሿ ምንም አልጠየቀችም። አላለቀሰችምም። ታላቅ እህቴ «ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነሽ» ስትላት፣ «አይደለሁም» አለቻት። ሌሎቹም ሞከሩ። እኔም ሞከርኩ። ለሁላችንም ያንኑ መለሰች። ፊቷን ራሷ ትታጠባለች፤ አፍንጫዋና ግንባሯ ይጠራል፣ ከጆሮዋ ሥር ያለው እንዳለ ይቀራል። ልጅ እንለዋወጥ እያልን እንጣላ የነበርን ሰዎች አንዲቷን ለመውሰድ ተጣላን።

አንድ ቀን ከእንሰቱ መሃል ወድቃ ጮኸች። እናቴ እንደ ልማዷ «የማን ነው?» አለች። ካለች በኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሁላችንም እየሮጥን ወጣን። አንድም የተመለሰ የለም፤ አባቴም አክስቴም መጥተዋል። ልጅቷ ጉልበቷን ይዛ ቀና ስትል ያ ሁሉ ሰው ከቧት ቆሟል። ለቅሶዋን አቋርጣ፣ «ምን ሆናችሁ?» አለችን።

መስከረም ገባ። የምዝገባው ቀን ቀረበ። አሁን ቸገረን። እሱ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነገር ከንቱ እንዲቀር ማናችንም አልፈለግንም፤ እሷ ግን ከማንም ጋር አልሄድም ብላለች። በዚያ ላይ ክንዷ ገና ነው። እኔ ሌላ አልታየኝም፤ እሱ ከጀመረው ነገር ይህ አንድ ብቻ እንደቀረ ነበር የሚሰማኝ።

በዋዜማው ጠዋት እናቴ መቀስ ይዛ ደጅ ወጣች። በርጩማ ላይ ተቀመጠችና፣ «ነይ ወዲህ» አለቻት።

«ልትቆርጪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ጎረቤትስ?»

«ለሐዘን ነው ይላሉ። ቁጭ በይ።»

ቀስ እያለች ቆረጠች። ፀጉሯ ሲያልቅ የልጅቷ ጆሮዎች ለብቻቸው ቀሩ፤ እንደዚያ ትልልቅ መሆናቸውን አንዳችንም አናውቅም ነበር። የአጎቴ ልጅ ሊስቅ ሲል አባቴ በዓይኑ ያዘው። ከዚያ አባቴ ራሱ ፊቱን አዞረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ማንም ሳያዛት ሄዳ መቃኑ ላይ ተደገፈች። ጭንቅላቷን ቀጥ አደረገች። እጇን አሳለፈች። የመሃል ጣቷ ጫፍ የጆሮዋን ጠርዝ ነካ።

አክስቴ «እልል...» ብላ ጀመረችና በመዳፏ አፏን ያዘች። የሐዘን ቤት ነው። ግማሹ እልልታ አፏ ውስጥ ቀረ። እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «ጨርሺው» አለቻት። አክስቴ ግን መጨረስ አልቻለችም፤ ስታለቅስ ቆየች።

በማግሥቱ እናቴ ልጅቷን ለኔ ሰጠች። «አንተ ውሰዳት። እንቢ ካለች ግን መልሳት፤ እንዳታስለቅሳት» አለችኝ።

ልጅቷ ታጥባ፣ የእህቷን አሮጌ ቀሚስ ለብሳ፣ አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እንሂድ» አልኳት።

«እሱ ነው የሚወስደኝ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የትምህርት ቤት ልጆች በፊታችን ያልፋሉ።

ቆይታ፣ «አንተ የማን ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ትልቅ ነኝ። የማንም አይደለሁም።»

«ትንሽ ሳለህስ?»

«የሱ ነበርኩ።»

ዞር ብላ አየችኝ። የምታውቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የነገራት የለም። «የሱ?»

«አዎ። ካንቺ በፊት። ትከሻው ላይ ያስቀምጠኝ ነበር።»

«እኔን በሚያስቀምጥበት?»

«በዚያው።»

አሰበችበት። ፊቷን ቅጭም አድርጋ ነው የምታስበው። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን ከኋላ አራገፈች። «እንግዲያው አንተ ሌላ ሰው አይደለህም» አለችና እጇን ሰጠችኝ።

መዝጋቢው ያው የአምናው አስተማሪ ነበር፤ በጃንሆይ ሥዕል ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ተራችን ሲደርስ ፈገግ አለ። «አንቺን አውቅሻለሁ። ጆሮዋ ነው ዝቅ ያለው እያለ ሲከራከረኝ የነበረው ወንድምሽ የት አለ?»

«ሞተ» አለች እሷ።

እሷ ፊት ያን ቃል የተናገረ ሰው አልሰማሁም ነበር። ከማን ሰማችው? መቼ አወቀች? አስተማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። አንዴ እኔን፣ አንዴ የተቆረጠ ፀጉሯን አየ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እስቲ እጅሽን አንሺ።»

አነሣች፤ ነካች። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«አላየኸኝም» አለችው። «እንደገና ልሥራው?»

ለትልቅ ሰው «አላየኸኝም» አይባልም ብዬ ጎኗን ነካሁ። አስተማሪው፣ «ሥሪው እስቲ» አለ። እንደገና ሠራች። ጣቷን ጆሮዋ ላይ እስኪደክማት አቆየችው። «በቃ፣ በቃ፣ አይቻለሁ» ብሎ ጻፋት።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ክፍል ሳስገባት ኮቴን አልለቅም አለች። አስተማሪዋ፣ «እንግዲህ አብረሃት ተቀመጥ» አለችኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ የአንደኛ ክፍል አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬ ድረስ መጥቶ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ወደ ሰሌዳው ማየት ትተው እኔን ያያሉ። አጠገባችን ያለችው ልጅ ከአግዳሚው ጫፍ ልትወድቅ ደርሳለች። «ሀ» ተባለ፤ ሁላቸውም «ሀ» አሉ። እኔም አልኩ።

ጥቂት ፊደል እንዳለፍን ኮቴን ለቀቀች። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «አንተ ሂድ በቃ» አለችኝ። «ትልቅ ነህ፤ ቦታ አጠበብክብን።»

ወጣሁ። ወደ ትምህርቴ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን አልሄደም። ከክፍሉ በስተጀርባ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል። የሷን ለየሁት፤ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። እዚያ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን ወንዶቹ መሃል ቆሜ አላለቀስኩም ነበር።

ትምህርት ቤቴ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ነው። አስተማሪያችን በር ላይ አቁሞ፣ «የት ነበርክ?» አለኝ።

«ልጅ ሳስመዘግብ» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቀ። እኔም ከነሱ ጋር ትንሽ ሳቅሁ፤ ከዚያ ገብቼ ቦታዬ ተቀመጥኩ።