የአፎቻው ደምና ቢጫው ዓይኔ

ሲክል ሴል የሚሉት በሽታ አለብኝ፤ ቀይ የደም ሴሎቼ እንደ ማጭድ እየጎበጡ ቶሎ ይሰባበራሉ። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ደም ስወስድ ኖሬአለሁ። የወሰድኩት ሁሉ ቢጠራቀም ጀጎልን ከነግንቡ ያጥለቀልቃል። እኔማ ሰው አይደለሁም፣ ከተማ ነኝ፤ ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ወታደሩ ሁሉ ውስጤ አለ።

ዘንድሮ ግን ቀልዱ አላዋጣኝም። ዓይኔ ድሮም ቢጫ ነው፤ በሽታው ራሱ ያመጣዋል። ባለቤቴ አንድ ጠዋት አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝና፣ "ይሄ የወትሮው ቢጫ አይደለም" አለች። ሐኪሙም አልሳቀልኝም።

"ደም ከመሰጠቱ በፊት ይመረመራል" አለኝ። "ሰጪው በጉበት ወይም በሌላ ቫይረስ ገና በተያዘ ሰሞን ከሆነ ግን ቫይረሱ ላይታይ ይችላል። እርስዎ ደግሞ ብዙ ወስደዋል። ጉበትዎን እንየው።"

ውጤቱ ለሐሙስ ተባለ። እስከዚያ መቀመጥ አቃተኝ። ከአንዱ የጀጎል በር ወደ ሌላው፣ ከቡዳ በር ኤረር በር፣ ከኤረር በር ቡዳ በር፤ የመንገዱ ድንጋይ በኔ ጫማ አለቀ።

አፎቻችን ሠርግም ሐዘንም አብረን የምንወጣበት የሰፈር ማኅበር ነው። እኔ በተኛሁ ቁጥር አባላቱ ተሰልፈው ደም ይሰጣሉ። ሁሉም የሰጠው ደም በቀጥታ እኔ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ወሬው እንደተሰማ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሰፋው ጓደኛዬ ሱቁ ውስጥ ጎትቶ አስገባኝ።

"ወላሂ እኔ ጤነኛ ነኝ" አለ በሹክሹክታ። "ግን ከኔ ይሆን እንዴ? ለሚስቴ ምን እላለሁ?"

"አቦ ተረጋጋ! ያንተ ደም ገብቶ ቢሆን ውጤቱ እንደምትሰፋው ልብስ ለኢድ ተብሎ ለአረፋ ነበር የሚደርሰው።"

አልሳቀም። መቀሱን አስቀምጦ ሲያፈጥብኝ እውነቱን ነገርኩት፤ የሱ ደም ደም ባንክ ይገባል፣ ለኔ የሚመጣው የሌላ ሰው ነው።

"የኔስ የት ሄደ?"

"እኔንጃ። አንዷ ወላድ ጋ ይሆናላ።"

"ታዲያ የደም ወንድሜ ስትለኝ የኖርከው?" ብሎ አኮረፈኝ።

ሐሙስ ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ገባን። ሲስተር ወረቀቱን አየችና፣ "የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም የለብዎትም" አለች።

"አልሐምዱሊላህ!" ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተዘረፈጠች።

"ዓይንዎ ይበልጥ ቢጫ የሆነው የራስዎ ደም እየተሰባበረ ነው፤ በጣም ወርዷል። ዛሬውኑ መውሰድ አለብዎት። ምርመራውን ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደግመዋለን።"

የደሙ ከረጢት ተሰቀለልኝ። ልብስ ሰፊው ከነኩርፊያው ደም ሰጥቶ መጣና፣ ክንዱ ላይ ጥጥ እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ከረጢቱን ሽቅብ አየ።

"ይሄኛውስ የማን ነው?"

ቀልድ ፈለግኩለት። ከከረጢቱ የመጀመሪያዋ ጠብታ ቀድማኝ ወደ ክንዴ ወረደች።