ድንጋዩና የእትዬ ዘርፌ አገልግል

ኮሮና የሰዉን ሁሉ አፍ በጨርቅ ባሰረበት በዚህ ሰሞን የልጄ ባል ከባሕር ዳር ደወለልኝ። ልጄ እዚያው ሐኪም ናት። ገና «ሄሎ» ሲል ድምፁ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይንገሩልኝ። ሥራውን ትተወው። የምታድረው እዚያው ሆስፒታል ነው፤ ልጆቹን የምታያቸው በር ላይ ቆማ ከሩቅ ነው። እኔን አልሰማም ብላለች። የእርስዎን ቃል ግን አትጥስም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ባይላት ኖሮ «እሺ እስኪ አናግራታለሁ» ብዬ ስልኩን እዘጋው ነበር። ግን አላት። እኔም በረንዳዬ ላይ እንደቆምኩ ዐይኔ ከበሩ ሥር ወዳለው ድንጋይ ሄደ። በሩን ንፋስ እንዳይዘጋው የምንደግፍበት፣ አንድ ጎኑ የተሰበረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀለም ቀቢ በመጣ ቁጥር «ይሄን ነገር ልጣልዎ?» ይለኛል። አይጣልም።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ላጫውትህ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው።»

«ዝጋው፣ እኔ እደውላለሁ» አልኩና ደወልኩ። ያጫወትኩት ይኸውና።

የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የወረታ አስተማሪ ነበርኩ፤ ወጣት፣ ሱሪዬን በካውያ የምተኩስ፣ ጫማዬን በቀን ሁለቴ የምወለውል ጉረኛ። የሸዋን ጭቃ አይቼ ስላደግሁ ጭቃ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ወይ አለማወቅ! ወረታን የከበበው የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ እግር ይይዛል፣ ጫማ ያስቀራል፣ ሰውየውን ብቻ ይለቃል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ደግሞ የትኛው ማሳ፣ የትኛው መንገድ እንደሆነ የሚያውቁት ከብቶቹ ብቻ ናቸው።

እናኑን ያገባሁት በዚያው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። የይፋግ ገበሬ ልጅ፣ የወረታ ጤና ጣቢያ ነርስ። ሳቋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ቤት ይዘን፣ ዕቃ አሟልተን ሳንጨርስ ክረምቱ ገባና አተት የሚሉት መዘዝ መጣ። ያ ተቅማጥና ትውከት ጠዋት አርሶ የገባውን ጎልማሳ ለማታ አልጋ ላይ የሚጥል ነው። ሜዳው መሃል ያለውን የቁሐር ሚካኤል መንደር ሰው ውኃው ከከተማ ስለቆረጠው እዚያው ደረቅ ያለች ጉብታ ላይ ድንኳን ተተከለ። እናኑና አንዲት ጓደኛዋ ነርስ ተላኩ። «ለትንሽ ቀን ነው» አለችኝና ቦቲዋን አጥልቃ ሄደች።

ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሥራ የለኝ፣ ሚስት የለኝ፣ ፍልሰታ ገብቶ ሥጋ የለኝ። ሽሮ ለመሥራት ሞከርኩ። የመጀመሪያው ቀን ማንኪያውን ሰክቼ ብተወው ቆሞ ቀረ። ከገበያ የገዛሁት እንጀራም ሩዝ የበዛበት ኖሮ ሲቀዘቅዝ ወፍራም ወረቀት ሆነ። ያም ሆኖ የሠራሁትን ለብቻዬ መብላት ስላስጠላኝ ለእናኑ ልወስድላት ተነሣሁ። የምወስድበት ዕቃ ግን አልነበረኝም፤ ስለዚህ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘርፌ አገልግል ተዋስኩ። ከእናታቸው የወረሱት፣ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ሲያዩት ደስ የሚል አገልግል ነው። «እንደ ዐይንህ ጠብቀው» ብለው ሰጡኝ።

ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ አገልግሉን በትከሻዬ አንጠልጥዬ፣ ስወድቅ ስነሣ ደረስኩ። ድንኳኑን ዙሪያውን በገመድ አጥረውታል። ዝናቡ ሸራውን ስለሚደበድበው መነጋገር የሚቻለው በጩኸት ብቻ ነው።

«እናኑ!»

«እዚያው ቁም! እንዳትጠጋኝ!»

«ምግብ ይዤልሽ መጥቼ…»

«መሬት ላይ አስቀምጥና ወደኋላ ሂድ!»

«አገልግሉን ልመልስ፣ የሰው ነው!»

«እዚህ የገባ ዕቃ አይወጣም! በቃ ሂድ ወደ ቤትህ!»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«አልመጣም!»

በሽታው ሳያልቅ ማለቷ ነው። እኔ ገብቶኛል፤ ከሩቅም ቢሆን ዐይኗ ሲስቅ አይቻለሁ። ከኋላዬ ከገበያ ሲመለሱ የቆሙት ሰዎች ግን ዐይኗን አላዩም።

እትዬ ዘርፌ አገልግሉ እዚያው ቀረ ብላቸው አላመኑኝም። በሚቀጥለው ስሄድ ሽሮዬን በፌስታል ቋጥሬ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሳላያቸው ከኋላ ተከትለውኝ ኖሯል። ያው ጩኸት፣ ያው «እንዳትጠጋኝ»፣ ያው «ሂድ»። «ወይ ጉዴ! ይቺ ልጅ ፈታችው!» ብለው ከእኔ ቀድመው ወረታ ገቡ። እኔ ጭቃዬን ታጥቤ ሳልጨርስ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ መገንጠያ ላይ ያሉ ሻይ ቤቶች ሁሉ ትዳሬን አፍርሰው ጨርሰዋል።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አለባቸው፣ የሰፈራችን ቄስ፣ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በል መምህር፣ የተጣላችሁበትን ንገረን።»

«አልተጣላንም አባቴ። በሽታው ነው።»

«በሽታማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ሴት ልጅ ቤቷን ትታ ድንኳን የምታድረው ሲመራት ነው። መትተሃታል?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ትጠጣለህ?»

«በፍልሰታ?»

«ሌላ ሴት አለች?»

«አባቴ፣ እኔ ለራሴ ሽሮ እንኳ መሥራት ያቃተኝ ሰው ነኝ።»

ቄሱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋቱን እንኳ አያውቀውም። ይሄ የባሰ ነው» አሉ።

ይህን ስንባባል አማቴ አቶ ፈንቴ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ እየሳቡ ከይፋግ ደረሱ። ወሬው እዚያም ደርሷል። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡኝ፣ «ልጄን በደስታ ሰጥቼህ ነበር» አሉኝ። «ወይ ትታረቁና ቤቷ ትገባለች፣ ወይ ይዣት እሄዳለሁ። በየትም ብትሄድ ግን ከዚያ የሞት ድንኳን ትወጣለች። እኔ አባቷ ነኝ፤ ብያለሁ።»

ቄሱም ዳኙ፦ ባል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ሚስትም ይቅር ብላ፣ ሥራውን ትታ፣ ቤቷ ትግባ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ያቺ ጓደኛዋ ነርስ ራሷ ታማ እዚያው ድንኳን ውስጥ መተኛቷን ሰምቻለሁ። እናኑን እዚያ ጉብታ ላይ የምቀብራት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጓደኛዋ ከወደቀች ደግሞ ለዚያ ሁሉ በሽተኛ ግሉኮስ የሚሰካው የእናኑ እጅ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እናኑ የአባቷን ቃል ጥሳ እንደማታውቅም አውቃለሁ፤ «አባቴ በቃሽ ካለኝ በቃኝ ነው» ብላኛለች። ሦስቱንም እያወቅሁ፣ ሚስቴ ቤቴ ትግባልኝ እንጂ ድንጋይ ምን አላት ብዬ «እሸከማለሁ» አልኩ።

ወጉን ለማታውቅ ልንገርህ። በዳይ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ» ይላል። ተበዳይ ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ሌላው አገር ቢሆን ደጅ ላይ ደርሰህ አንዱን ብድግ ታደርጋለህ። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ለመድኃኒት ድንጋይ ብትፈልግ አታገኝም! ስለዚህ ከወረታ ይዘን መሄድ ነበረብን። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ አንዲት ልከኛ ድንጋይ አግኝቼ ደስ ሲለኝ አማቴ አዩዋትና «ይቺማ ለፍየል ጥፋት ናት» አሉ። እሳቸው ራሳቸው ቤት ከሚሠራ ሰው የመሠረት ድንጋይ ለምነው ይሄን ዛሬ በሬን የሚደግፈውን መረጡልኝ።

ጉዞ ጀመርን። ቄስ አለባቸው ጃንጥላ ይዘው ከፊት፣ አማቴ ባዶዋን በቅሎ እየሳቡ ቀጥሎ፣ እኔ ተጭኜ፣ ሽማግሌዎቹ ተከትለውኝ፣ እትዬ ዘርፌ ደግሞ አገልግላቸውን ሊረከቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ። ጭቃው ሌላውን ሰው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲይዝ እኔን እስከ ጉልበት ያሰምጠኛል።

«አባባ፣» አልኳቸው አማቴን፣ «እስክንደርስ ድንጋዩን በቅሎዋ ላይ ብናደርገውስ?»

«በቅሎዋ ምን አጠፋች?»

ሩዝ የሚያርሙ ገበሬዎች ቀና እያሉ «መምህር፣ ቤት ልትሠራ ነው?» ይሉኛል። ያ የተኮስኩት ሱሪ ቀለሙ ጠፍቷል።

ገመዱ ጋ ስንደርስ እናኑ ወጣች። አላወቅኋትም ብል ይሻላል። ፊቷ ከስቷል፣ ዐይኗ ጎድጉዷል፣ ሻሿን አጣምማ አስራዋለች። እኛን ስታይ ያ ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ ያዘችው።

«እዚያው ቁሙ! ሁላችሁም እጃችሁን በዚያ ባልዲ በበረኪና ታጠቡ። እግራችሁንም።»

«እኔም ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«እርስዎም አባቴ።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩም አባቴ።»

መርጫዋን ይዛ ከገመዱ ወዲያ ሆና ድንጋዩን ረጨችው። የበረኪናው ውኃ በአንገቴ ወረደ። ቄሱ እየታጠቡ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ። አማቴ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እናኑ ልጄ፣ ባልሽ ጥፋቱን አምኖ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቷል። ይቅር በዪው። ይሄንን ሥራም በቃሽ። በቅሎሽን ይዣለሁ።»

«ምን ጥፋት?» ልትል አፏን ከፈተች። «በቃሽ» የሚለውን ስትሰማ ግን ዘጋችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ወደ ድንኳኑ አየች። ከውስጥ አንድ የደከመ ሽማግሌ «ሲስተር፣ ውኃ» ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ትታዘዛለች፣ ትወጣለች፣ በቅሎዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ቤቴ ገብታ ዕድሜ ልኳን ያንን «ውኃ» የሚል ድምፅ ስትሰማ ደግሞ ታየኝ።

«በል መምህር፣ ቃልህን ስጥ» አሉ ቄስ አለባቸው።

ጎንበስ አልኩ። «አባባ፣ አባቴም፣ ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ» አልኩ። «የምለምናችሁ እንዳትመጣ ነው። ሥራዋን ሳትጨርስ ቤት እንዳትመጣ ንገሩልኝ። ይሄ ሁሉ ሰው በእሷ እጅ ነው ያለው። ቃልዎን ያንሡላት፤ እስከዚያ ድንጋዩን አላወርድም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ምን አለ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ «ሚስቴ ትመለስ ብሎ መስሎኝ ድንጋይ የተሸከመው?»

አቶ ፈንቴ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ የሚያቃስተውን ድንኳን አዩ። ብዙ ቆዩ፤ ለእኔ ለተሸከምኩት ደግሞ የበለጠ ብዙ። በመጨረሻ የበቅሎዋን ልጓም ገመዱ ሥር አስቀመጡ። «እንግዲያው በቅሎዋ ትቅር። ከሩቅ ያለውን በሽተኛ ታምጣባት» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «አንተም አውርድ፣ ልጄ።»

እናኑ ያኔ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ በረኪናው ነው ብያለሁ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ሊባርኩን ሲሉ፣ ከኋላ እትዬ ዘርፌ ጠየቁ።

«የእኔስ አገልግል?»

እናኑ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እትዬ ዘርፌ… እዚህ የገባ ዕቃ አይወጣም ተብሎ… ተቃጠለ።»

«ተቃጠለ? የእናቴ አገልግል?» ወደ እኔ ዞሩ። ያን ሁሉ ሰዓት ጠብ ፍለጋ የተንከራተቱት ሽማግሌዎች እውነተኛውን ጠብ ያን ጊዜ አገኙት፤ ፊታቸው ሁሉ በራ። ቄስ አለባቸው መሬት ላይ ያለውን ድንጋይ በጃንጥላቸው ጫፍ ጠቆሙኝ።

ምን አደርጋለሁ? መልሼ ተሸከምኩት።

እትዬ ዘርፌ በቀላሉ የሚምሩ ሴት አልነበሩም። ወረታ እስክንገባ አላወረዱልኝም። እናኑ የመጣችው ውኃው ሸሽቶ፣ ለመስቀል አደይ ሲፈነዳ ነው። ጓደኛዋም ድና አብራት መጣች። ደጃፉ ላይ ድንጋዩን ስታይ ያ ያዘችው ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «እንዳትጥለው» አለችኝ፤ «ገና ብዙ ታጠፋለህ።»

ይሄን ሁሉ ስተርክለት የልጄን ባል አንዴ ሲስቅ፣ አንዴ ደግሞ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰምቼዋለሁ። እናኑ ዛሬ ጡረተኛ ናት፤ ጉልበቷ ያን የፎገራ ጭቃ እስካሁን ያስታውሳል። በሩ ላይ መጥታ የማወራውን ታዳምጣለች፤ አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ አሳርፋለች። አቶ ፈንቴ ከሞቱ ቆዩ። ዛሬ «ቃላቸው አይጣስም» የሚባልልኝ አባት እኔ ሆኜ አረፍኩት። ያን ቃል መልሶ ማንሣት ምን ያህል እንደከበዳቸው አሁን ገባኝ። እኔም ልጄን እፈራላታለሁ።

«ታዲያ ጋሼ፣» አለኝ ባልየው ቀስ ብሎ፣ «እኔ ምን ላድርግ?»

«ምሳ ቋጥረህ ውሰድላት» አልኩት። «ዕቃውን ግን ከጎረቤት እንዳትዋስ።»